ሚሚዬ፣ የዓሣ ዘይቱ ይብቃ

ሚሚዬ፣ እንደምን ከረምሽ? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የላክሽው ዕቃ ደርሶናል። ሁለቱ የዓሣ ዘይት ጠርሙሶች ቡፌው ላይ ናቸው። የምጽፍልሽም ስለነሱ ነው።

ደብቄሽ የቆየሁት ነገር አለ። ነሐሴ ላይ ክሎፒዶግሬሉ፣ ደም እንዳይረጋ የምውጠው ኪኒን፣ አለቀብኝ። ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ሦስት ፋርማሲ ጠየቅኩ፤ የለም አሉኝ። ዝናቡ ደግሞ አያስወጣም። «ልጄ የላከችው ዘይትም ደም ያቀጥናል» ብዬ ቤቴ ገባሁ። አራት ቀን ያለ ኪኒን ቆየሁ። ስቴንቱ፣ የልቤን ደም ስር ከፍቶ የሚይዘው የብረት መረብ፣ ከገባልኝ ገና አምስት ወሩ ነበር።

ለክትትል ስሄድ ለሐኪሟ ነገርኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አባባ፣ ሁለተኛ እንዳያደርጉት» አለችኝ። ከዚያ የካርዴ ጀርባ ላይ ክብ ሣለች፤ የኔ ደም ስር መሆኑ ነው። የጠበበውን ለመክፈት ትንሽ ፊኛ ገብቶ ሲነፋ የደም ስሩ ግድግዳ ይቆስላል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳው እየወፈረ ይሄድና መንገዱን መልሶ ያጠበዋል። ድሮ በፊኛ ብቻ ሲሠራ፣ ከሦስት ሰው አንዱ ገደማ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ፣ በ6 ወር ውስጥ ይጠብበት ነበር። የኔ ስቴንት መድኃኒት የተቀባ ነው። ጠባሳው እንዳይወፍር የሚይዘው እሱ ነው። ክሎፒዶግሬሉና አስፕሪኑ ደግሞ ስቴንቱ ላይ ደም እንዳይረጋ ይጠብቃሉ። እዚያ ላይ ደም ከረጋ፣ ልጄ፣ ሆስፒታል እስክደርስ እንኳ ላይጠብቀኝ ይችላል። ያን ስትነግረኝ ጉልበቴ ከዳኝ።

«ዘይቱስ?» አልኳት። ላንቺ ብዬ ተሟገትኩ። ነገሩ ከሜዳ የመጣ አይደለም አለችኝ። እ.ኤ.አ. በ1988 በፊኛ በተሠራላቸው 82 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ዘይቱ መልሶ መጥበቡን ቀንሷል ብሎ ነበር። በ1994 ግን ከ500 በላይ ሰዎች ተጠኑ። ግማሾቹ የዓሣ ዘይት፣ ግማሾቹ የበቆሎ ዘይት ወሰዱ። የበቆሎ ከወሰዱት 46 በመቶው፣ የዓሣ ከወሰዱት 52 በመቶው ተመልሶ ጠበበባቸው። ጥቅም የለውም ማለት ነው። ሲበዛ ደግሞ የልብ ምት ሊያዛባ ይችላል።

ሱቅ ገብተሽ ጠርሙሱን እያገላበጥሽ ስታነቢ ይታየኛል። ደክመሽ ባገኘሽው ብር መግዛትሽን አውቃለሁ። ለዚህ ነው እስካሁን መናገር የከበደኝ። እናትሽማ በጾም እንክብሉን እያየች «ሽፋኑ ከምን ይሆን የተሠራው?» ትላለች። ከከብት ቆዳና አጥንት ሊሆን ይችላል አልኳት፤ ከዚያ ወዲህ አልነካችውም።

እኔ አሁን ጠዋት ጠዋት በአዲሱ የእግረኛ መንገድ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ደርሼ እመለሳለሁ። ሲጋራውንም እንደተውኩ ነው። ሰው ሲመጣ ጠርሙስ አትላኪ። እሁድ ስትደውዪ ግን «አባዬ፣ ስንት ፍሬ ኪኒን ቀረህ?» ብለሽ ጠይቂኝ። ከ15 በታች ካልኩሽ ወንድምሽን አሯሩጪው።

ዛሬ 41 ፍሬ አለኝ።

አባትሽ