ሬዲዮው አልተበላሸም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ባለፈው እሑድ ኤርትራ ውስጥ ከሻዕቢያ ጋር ስለተደረገው የአፋቤት ውጊያ ያወጣችሁትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ቀኑን ከመጋቢት 8 እስከ 10፣ 1980 ማለታችሁ ልክ ነው። አፋቤት የነበረው የደርግ ጦር፣ ናደው ዕዝ፣ የተደመሰሰው «የሬዲዮ መገናኛው በመበላሸቱ» ነው የምትለዋ መስመር ግን እንቅልፍ ነሳችኝ። ማን ነገራችሁ? አንድ የመገናኛ ወታደር እንኳ ጠይቃችኋል?

እኔ ናደው ውስጥ አልነበርኩም፤ ናደው በነበረበት በዚያው በሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት፣ በሌላ ብርጌድ ሬዲዮ ኦፕሬተር ነበርኩ። አንድ ሌሊት ከፊታችን የነበረው ሻለቃ ቦታውን እንዲለቅ ፈቃድ ጠየቀ። የሚያወራው ጓደኛዬ ነው፤ ሲያስል ሳይቀር ጥርት ብሎ ይሰማኛል። መልእክቱን ጽፌ ለአዛዡ ሰጠሁ። አዛዡ የፖለቲካ ኮሚሳሩ ሳይስማማ አልፈርምም አለ። ኮሚሳሩ በራሱ መስመር የበላዩን ጠየቀ። የደኅንነቱ ሰው ደግሞ በሦስተኛ መስመር ስለ ሁለቱም ሪፖርት አደረገ። እኔ «ጠብቅ፣ ተቀበል» እያልኩ አነጋሁት። ጎህ ሲቀድ ፈቃዱ መጣ። ብጠራው ብጠራው የሚመልስልኝ አጣሁ።

እንግዲህ የቱ ነው የተበላሸው? አንድ ጦር ሦስት ጆሮና ሦስት አፍ ተደርጎለት ሲያበቃ ጥፋቱ ሽቦና ባትሪ ላይ ይለጠፋል? የናደው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ከውጊያው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ፣ የካቲት ላይ ተረሽነዋል። አለቃው ሲረሸን ያየ መኮንን በራሱ ሥልጣን «ወደ ኋላ በል» ብሎ ለማዘዝ ምን ያህል ልብ ይኖረዋል? ይህን ጽሑፋችሁ በአንድ ቃል አላነሳውም። ሻዕቢያ ንግግራችንን ይጠልፍ እንደነበርም አላነሳችሁም። እኛ ፊርማ ስንጠብቅ ጠላት ሰምቶ ይዘጋጅ ነበር።

የተሸከምነው ሬዲዮ አንቴናው ከሩቅ ይታያል፤ አልሞ ተኳሽ መጀመሪያ የሚፈልገው እኛን ነበር። ሠራዊቱ በ1983 ከተበተነ በኋላ ለጡረታ በሄድኩበት መሥሪያ ቤት አንድ ጎረምሳ ጸሐፊ «አንተማ ሬዲዮ ስታዳምጥ ነው የከረምከው» ብሎኝ አንገቴን ደፍቼ ወጥቻለሁ። አሁን ደግሞ እናንተ ዕዙን ያስፈጀነው እኛ እንደሆንን አድርጋችሁ ጻፋችሁ። የሞቱት ኦፕሬተሮች ልጆች ይህን ያነባሉ እኮ!

ማረሚያ አውጡ። በሕይወት ያለን የመገናኛ ሰዎች ብዙ አይደለንም፤ ሳናልቅ መጥታችሁ ጠይቁን።

የቀድሞ የመገናኛ አሥር አለቃ
ከደሴ