እማዬ ልትፈተን ነው

ውድ ቲቸር፣

እንዴት ነሽልኝ? ጠፋሁብሽ አይደል? «በሕይወት አለሽ ወይ?» ብለሽ የላክሽውን አይቼዋለሁ። ነገ ዛሬ ስል ጊዜው ሄደ፤ ከዚያ ደግሞ ምን ብዬ እንደምጀምር አፈርኩ። ይቅር በይኝ። ቁጣሽን ስንገናኝ እቀበላለሁ፤ አሁን ጉዳይ ይዤ ነው የመጣሁት።

እማዬ የአሜሪካ ዜግነት ፈተና ልትፈተን ነው። አዎ፣ እማዬ! እዚህ ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ሳሎን ውስጥ፣ ነጠላዋን አጣፍታ መነጽሯን አድርጋ ስለ ሴኔት፣ ስለ ላይኛው ምክር ቤታቸው፣ ስታጠና ብታያት!

ፈተናው የድሮው አይደለም። ከኦክቶበር 20፣ 2025 ወዲህ ማመልከቻ ያስገባ ሰው በአዲሱ ነው የሚፈተነው። ድሮ 100 ጥያቄ ይጠናል፤ ከዚያ ውስጥ 10 ይጠየቃል፤ 6 የመለሰ ያልፋል። አሁን የሚጠናው 128 ሆኗል። እስከ 20 ይጠየቃል፤ 12 መመለስ አለበት፤ 9 ከሳተ ወደቀ። የሚጠየቀውም በቃል ነው፤ ሠራተኛው ፊት ለፊት ተቀምጦ። ከ65 ዓመት በላይ ሆነው በግሪን ካርድ 20 ዓመት ለቆዩት ይቀልላቸዋል፤ በቋንቋቸውም ይመልሳሉ። እማዬ ግን መቼ መጣችና! በእንግሊዝኛ ነው የሚጠይቋት።

እኔ በቃሏ ትያዘው ብዬ ነበር። ዳዊት በቃሏ የምትደግም ሴት ይሄ አያቅታትም። እሷ ግን ሳይገባኝ አልይዝም አለች። እያንዳንዱን ጥያቄ «ለምን?» ትላለች፤ እኔ ደግሞ መልስ የለኝም።

ኤሌክቶራል ኮሌጅ ላይ ስንደርስ በየግዛቱ ስም ፕሬዚዳንቱን የሚመርጡ 538 መራጮች እንዳሉ፣ 270 ያገኘ ፕሬዚዳንት እንደሚሆን ነገርኳት። «ሕዝቡ አይደለም እንዴ የሚመርጠው?» አለች። በ2016 ሂላሪ ክሊንተን ከትራምፕ ወደ 3 ሚሊዮን በሚጠጋ ድምፅ በልጣ መሸነፏን ስነግራት ደብተሯን ዘጋችው። «ታዲያ ቆጠራው ለምን አስፈለገ?» ካሊፎርኒያ 39 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ይዞ ሁለት ሴናተር፣ ዋዮሚንግ 600 ሺህ እንኳ ሳይሞላ ሁለት ሴናተር መሆኑ ሲገለጥላትማ የዚያን ቀን ጥናት አበቃ።

ግን ቲቸር፣ የቤታችንን ወሬ የቀየረችው እሷ ናት። ልንገርሽ።

የባለቤቴን ታናሽ ወንድም ታውቂዋለሽ። ሆቴል በር ላይ መኪና ተቀብሎ ያቆማል፤ ኑሮው በቲፕ ነው። በ2024 ትራምፕን መረጠ፤ አይደብቅም። በጁላይ 2025 በጸደቀው ሕግ የቲፕ ገቢው እስከ 25 ሺህ ዶላር ድረስ የፌዴራሉ ግብር ከሚታሰብበት ገቢ ላይ ይቀነስለታል። «ቃሉን የጠበቀ ፖለቲከኛ አሳዩኝ» ይላል። የኔዋ ልጅ ደግሞ ኮሌጅ ገብታለች። የክፍል ጓደኛዋ አባት ጠዋት ለሥራ እንደወጣ በኢሚግሬሽን ተይዟል። እሷ ስለ ሌላ ነገር መስማት አትፈልግም። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ቡና ላይ ሲገናኙ ቤቱ ጦር ሜዳ ይሆን ነበር። አንዴማ አቦል ሳይጠጣ ተነስቶ ሄደ። ልጄ አለቀሰች፤ ባለቤቴ ሁለቱንም ተቆጣ፤ እኔ ስኒ ማጠብ ጀመርኩ።

በሌላ እሁድ እንደገና ሲጀምሩ እማዬ ደብተሯን ይዛ መሐል ገባች። «ቆይ፣ እስቲ መጀመሪያ ይቺን መልሱልኝ። የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ዕድሜ ልካቸውን የሚያገለግሉት ለምንድን ነው?»

ልጄ «ከፖለቲካ ነጻ እንዲሆኑ» አለች። መጽሐፉም የሚለው ያንኑ ነው።

«የሚሾማቸው ማነው?»

«ፕሬዚዳንቱ።»

«የሚያጸድቀውስ?»

«ሴኔቱ።»

«እነሱ ፖለቲከኞች አይደሉም እንዴ?»

ሁለቱም ዝም። ከዚያ እሱ ስልኩን አወጣ፤ እሷ ጎኑ ተጠግታ ታነብ ጀመር። ዘጠኙን ዳኞች አንድ በአንድ ማን እንደሾማቸው ለእማዬ ቆጠሩላት፤ ስድስቱን ሪፐብሊካኖች፣ ሦስቱን ዴሞክራቶች። ሁለቱ በአንድ ስልክ ላይ አጎንብሰው ሳይ ዓይኔ እንባ አቀረረ። በሐሳብ አልተስማሙም፤ አሁንም አይስማሙም። ግን በረካው ድረስ ተቀመጡ።

በ2025 መኸር መንግሥት ሲዘጋም እንዲሁ ነበር። ከኦክቶበር 1 እስከ ኖቬምበር 12፣ 43 ቀን፤ እስከዚያ ድረስ በአገሪቱ ታሪክ ይህን ያህል የቆየ አልነበረም። ጎረቤታችን ኤርፖርት ፍተሻ ላይ ትሠራለች። ያለ ደሞዝ በየቀኑ ጎህ ሳይቀድ ትወጣ ነበር። እማዬ ምስር ወጥና እንጀራ በሰሃን ይዛ በሯን ስታንኳኳ ሴትዮዋ መጀመሪያ አልቀበልም አለች፤ አፍራ። እማዬ ሰሃኑን እጇ ላይ አስቀምጣላት ተመለሰች። ከዚያ እኔን ያዘችኝ፦ «መንግሥት እንዴት ይዘጋል? ቁልፉ ማን ጋ ነው?» በጀት በሴኔት ለማለፍ ከ100ው 60 ድምፅ እንደሚያስፈልገው፣ ሪፐብሊካኖቹ ያን ያህል እንደሌላቸው፣ ዴሞክራቶቹ ለጤና መድን የሚሰጠው ድጎማ ካልተራዘመ ድምፅ አንሰጥም እንዳሉ አስረዳኋት። «እነሱስ ደሞዛቸው ቆመ?» አለች። የምክር ቤት አባላት ደሞዝ አይቆምም። እስከ ዛሬ ስታነሳው ትበሳጫለች፤ እኔም እበሳጫለሁ።

ደስ ያላት ነገርም አለ። «የክልልህ አገረ ገዢ ማነው?» የሚል ጥያቄ ስላለ ያንግኪን የሚለውን በስንት መከራ አጥንታ ነበር። ከዚያ በኖቬምበሩ ምርጫ አቢጌይል ስፓንበርገር አሸነፈች፤ በቨርጂኒያ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት አገረ ገዢ። ጃንዋሪ 17፣ 2026፣ የከተራ ዋዜማ ዕለት፣ ቃለ መሐላውን በቴሌቪዥን አብረን አየን። እማዬ የገረማት የሴትየዋ መምጣት ሳይሆን የሰውየው መሄድ ነው። «አሸነፉት?» አለች። አልተወዳደረም፤ ቨርጂኒያ ውስጥ አገረ ገዢ በተከታታይ ሁለት ጊዜ መሆን አይችልም፤ አራት ዓመቱ አለቀ አልኳት። «ማንም ሳያወርደው?» ማንም ሳያወርደው። «እስቲ ወደ ኋላ መልሺው፣ ፊቱን ልየው።» ስክሪኑ ጋ ተጠግታ ብዙ አየችው። ምክትሏ ጋዛላ ሃሽሚ ሕንድ ተወልዳ በአራት ዓመቷ እንደመጣች ስነግራት ደግሞ ስሟን ደብተሯ ላይ ጻፈችው። ፈተናው ላይ የለም፤ ይኑር አለች።

እና የምፈልገው ይሄን ነው። አንቺ ስነ ዜጋ ስታስተምሪ የኋላ ወንበር ተኝቶ የማያውቅበት ክፍል ያንቺ ብቻ ነበር። እማዬ ደግሞ ከኔ ይልቅ አንቺን እንደምታምን ታውቂያለሽ፤ ያኔም እንደዚያ ነበር፣ አሁንም ያው ነው። በቴሌግራም ድምፅሽን ቀድተሽ ላኪላት፤ በአማርኛ፣ አጠር አጠር አድርገሽ። የሥልጣን ክፍፍል ምን ማለት ነው? የሕግ የበላይነትስ? ለምን ሁለት ምክር ቤት? ሐሳቡ ከገባት እንግሊዝኛውን እኔ አለማምዳታለሁ። ከጠዋት ጸሎቷ በኋላ እያዳመጠች ታጠናለች።

የምፈራው ውድቀቱን አይደለም፤ አንዴ ብትወድቅ እንደገና ይፈትኗታል። የምፈራው ልቧን ነው። እህቷ ደሴ ታማለች፤ እማዬ ደግሞ በዚህ ጊዜ በግሪን ካርድ ብቻ ወጥቼ መግባቱን አልደፍርም ብላለች። ማታ ማታ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ታዋራታለች። ከዚያ ደብተሯን ታነሳለች።

ስለ ወንድምሽ... ልጠይቅሽ ፈልጌ ነበር። ተወው፣ ስትፈልጊ አንቺው ንገሪኝ። ስሙን በጸሎቴ ሳላነሳ አላደርኩም።

ከመላክሽ በፊት ጉሮሮሽን አሙቂ፤ የጠመኔው አቧራ ድምፅሽን አዘግቶት ከሆነ እማዬ ወዲያው ታውቅብሽና ለአንቺ ማዘን ትጀምራለች። የዳኞቹን ጉዳይ ደግሞ አስቀድሚው፤ እሁድ እንደገና ልትጠይቃቸው ተዘጋጅታለች።

ያንቺው