የእትዬ መርፌና የቫይታሚኑ ጠርሙስ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰሞኑን በጤና ዓምዳችሁ ስለ ቫይታሚን ዲ ያወጣችሁትን አነበብኩት። እትዬም አነበበችው። ራሷ፣ በንባብ መነጽሯ። የምጽፍላችሁም ለዚሁ ነው።

እኔ ጅማ የምኖር የ61 ዓመት ጡረተኛ መምህርት ነኝ። እትዬ ታላቅ እህቴ ናት፤ 68 ሞልቷታል። ሁለታችንም ባሎቻችንን ቀብረን አንድ ግቢ ውስጥ እንኖራለን። እሷ ጀንፈል ገዝታ ታስፈለፍላለች፤ ከዚያ ሰፌድ ላይ ለቅማ ለሰፈሩ ሰው በኪሎ ትሸጣለች። እትዬ የለቀመችው ቡና ውስጥ አንድ ጥቁር ፍሬ አይገኝም ነበር።

ጽሑፋችሁ በዕድሜ የገፉ ሴቶች ቫይታሚን ዲ ሲያንሳቸው ለዓይን ሞራ ይጋለጣሉ፣ ስለዚህ እንክብሉን ቢወስዱ ይበጃቸዋል ይላል። የእኔ ጠብ «ስለዚህ» ከምትለዋ ቃል ጋር ነው።

የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ እትዬ «ዓይኔ ጭጋግ ሆነብኝ» ማለት ጀመረች። ሐኪም ቤት እንሂድ አልኳት። እሷ ግን ዱባይ ላለችው ልጇ ደወለችላት። ልጅቷም በሰው እጅ አንድ ትልቅ ጠርሙስ ቫይታሚን ዲ ላከች፤ እያንዳንዱ ፍሬ 5,000 ዩኒት። እዚህ አንድ ፋርማሲ ወስጄ ባሳይ፣ ልጁ ጠርሙሱን ገልበጥ አድርጎ አይቶ «ለዓይንም አሪፍ ነው» አለኝ። እኔም አመንኩ። ሠላሳ ዓመት «ለምን?» ብላችሁ ጠይቁ እያልኩ ያስተማርኩ ሴት!

ከዚያ የመርፌው ነገር መጣ። አንድ ቀን እትዬ በረንዳ ላይ የነጠላ ጥለት ስትጠግን አገኘኋት። መነጽሯን አላደረገችም። ክሩን በምራቋ አረጠበች፣ መርፌውን አፍንጫዋ ድረስ አስጠጋች፣ በመጀመሪያው ሙከራ አስገባችው። ስንት ዓመቷ ያለ መነጽር ክር አስገብታ አታውቅም። «አየሽ ቫይታሚኑን!» አለችኝ። ጎረቤት ተጠራርቶ መጥቶ አደነቀ። ሁለቱ የመድኃኒቱን ስም አስጽፈውኝ ሄዱ።

ለካ ነገሩ የተገላቢጦሽ ኖሯል። የዓይን ሞራ ማለት ብርሃን የሚያሳልፈው የዓይናችን ሌንስ መደፍረስ ነው፤ አንዱ ዓይነት የሌንሱን እምብርት እያጠጠረው ይሄዳል። ያኔ ሌንሱ ብርሃን የሚሰብርበት ጉልበት ይጨምራል። ሰውየው ለጊዜው ቅርቡን ያለ መነጽር ያያል፣ ሩቁ ግን ይጠፋበታል። ክሩ የገባው ዓይኗ ስለዳነ ሳይሆን ሞራው ስለገፋ ነበር። እኛ መርፌውን አይተን አጨበጨብን። የባጃጅ መብራት እየተበተነባት ማታ ማታ መውጣት መተዋን ልብ ያለ የለም። ነባር ደንበኛዋ «እማማ፣ ጥቁሩ በዛ» ብላ ቡናውን ስትመልስላት እንኳ እትዬ ተቀየመች። እኔም አብሬያት ሴትዮዋን ተቀየምኩ።

ይባስ ብላ ከአንድ ሁለት ይሻላል በሚል በቀን ሁለት ፍሬ መዋጥ ጀመረች። ለአዋቂ ሰው ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከፍተኛው የቀን መጠን 4,000 ዩኒት ነው። ከ70 ዓመት በታች ያለ ሰው በቀን የሚያስፈልገው ደግሞ 600 ብቻ። ትርፉ እንደ ቫይታሚን ሲ በሽንት አይወጣም፤ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፣ ደም ውስጥ ካልሲየም ያበዛል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። እትዬ ምግብ አስጠላት፣ ሆዷ ደረቀ፣ ውኃ ውኃ አላት። በመጨረሻ ሐኪም ፊት ያደረሳት ሆዷ እንጂ ዓይኗ አይደለም።

የዓይን ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። ጠብታ አድርጋ ብሌኗን አስፍታ ካየች በኋላ፣ ሞራው በሁለቱም ዓይን እንዳለ ነገረችን። «ቫይታሚኑ አያጠራውም?» አልኳት። «በጠብታም በኪኒንም የጠራ ሞራ የለም እማማ፣ የሚወጣ እንጂ» አለችኝ። እትዬ «ገና አልበሰለም ይሆን?» ብላ ጠየቀች። ድሮ እንዲያ ይባል ነበር። ዛሬ እስኪበስል አይጠበቅም፤ ኑሮን ሲያስቸግር ይወጣል።

ቤት ገብቼ የልጅ ልጄን ስልክ ይዤ ተቀመጥኩ። እውነት ነው፣ የቫይታሚን ዲ ማነስና የዓይን ሞራ አብረው የታዩባቸው ጥናቶች አሉ። ግን ሲታሰብ፣ የታመመና ከቤት የማይወጣ ሰው ፀሐይ አያገኝም፤ ስኳር ያለበትም ለሞራ ይጋለጣል። አብሮ መገኘት ሌላ፣ አንዱ ሌላውን ማምጣቱ ሌላ። አውስትራሊያ ውስጥ 60 ዓመት ያለፋቸው ከ21,000 በላይ ሰዎች ለሁለት ተከፍለው እስከ 5 ዓመት ተሞከረባቸው። ግማሹ በየወሩ 60,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ፣ ግማሹ ባዶ እንክብል ዋጠ። ለሞራ ኦፕራሲዮን የበቁት ሰዎች ቁጥር በቫይታሚኑ አልቀነሰም።

ቫይታሚን ዲ ለአጥንት ያስፈልጋል፣ አልካድኩም። ግን ቆዳችን ላይ ቫይታሚኑን የሚሠራው ያው የፀሐይ ጨረር ለዓይን ሌንስ ጠላት ነው። ጅማ ደግሞ ከ1,700 ሜትር በላይ ናት፤ ደመናው ሲገለጥ ፀሐይዋ አትቻልም። እትዬ አሁን የሟች ባለቤቷን ሰፊ ባርኔጣ ደፍታ ክንዷን ገልጣ ደጅ ትቀመጣለች። የሰፈር ልጆች ይስቁባታል። ጭሱም አለ። የማገዶ ጭስ ከዓይን ሞራ ጋር እንደሚያያዝ የዓለም ጤና ድርጅትም ይናገራል፣ ምድጃ ሥር የሚውለውም ማን እንደሆነ እናውቃለን። ስለ አሮጊቶች ዓይን ስትጽፉ ጭሱን እንዴት ረሳችሁት?

በ1998 ዓ.ም. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ በአገራችን ማየት ከተሳናቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉን ያሳወረው የዓይን ሞራ ነበር። ይህ እኮ በኦፕራሲዮን የሚመለስ ነው። እንግዲህ የእኛ ቤት ሁለት ዓመት ጠርሙስ ሲጠብቅ ነው ያለፈው። ጽሑፋችሁን አንብባ ሌላ ጠርሙስ የምታስልክ እህት አትጠፋም። እባካችሁ በሚቀጥለው እትም «መጀመሪያ ዓይናችሁን ታዩ» የምትል አንድ መስመር ጨምሩበት።

የቀኝ ዓይኗን ባለፈው ወር ተሠራች። ዓይኗን ብቻ አደነዘዙት፤ የደፈረሰውን ሌንስ አውጥተው ሰው ሠራሽ ተኩላት። ያዘዝኩትን ሻይ ጠጥቼ ሳልጨርስ ተጠራሁ። በማግስቱ ፋሻው ሲነሳ መጀመሪያ ያየችው ነጠላዬን ነው። «ነጭ ነው እንዴ? እኔ እኮ ውኃ ቸግሯት ነው እያልኩ ዝም ብዬሽ ነበር።»

ቤት እንደገባን ለሽያጭ ያዘጋጀችውን ቡና ሰፌድ ላይ ዘረገፈችው። ዝም ብላ ታየው ጀመር። ከዚያ እንደገና ለቀመችው፤ ጥቁሩ፣ የተሰበረው፣ ነቀዝ የበላው አንድ ጣሳ ሞላ። ያንን ለእኔ አሳየችኝና ለተቀየመቻት ደንበኛ አንድ ኪሎ በነፃ ላከችላት።

የግራው ዓይን ቀጠሮ ከጥምቀት በኋላ ነው። ጠርሙሱ አሁን ኮረሪማ ይዟል።

ጡረተኛዋ መምህርት፣ ከጅማ