የአውቶሞቢል ክበብ፦ የእሽቅድምድሙ ትራክ የማን ይሁን?

የአውቶሞቢል ክበባችን አንድም መኪና የለውም። ያለው በፊዚክስ ቤተ ሙከራ ጥግ የተቀመጠ፣ የአንድ ተማሪ አባት የለገሱን የአሮጌ ቮልስዋገን ካርቡራተር (ቤንዚንና አየር ቀላቅሎ ለሞተሩ የሚያቀብል ዕቃ)፣ ጥቂት መፍቻና ብዙ አፍ ነው። ይህ ዘገባም በአብዛኛው ስለ አፉ ነው።

ዓመቱ የተከፈተው እንደ ወትሮው በጭቅጭቅ ነው። ከፊሉ አባል ዲኤክስ ኮሮላን የሚተካ መኪና አልተፈጠረም ይላል፤ ከፊሉ ደግሞ ኤሌክትሪክ መኪና በመጣበት ዘመን ስለ ዲኤክስ ማውራት ስለ በቅሎ ማውራት ነው እያለ ይሳለቃል። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ስለ ከለከለ፣ እነዚህኞቹ ገና ሳይከራከሩ አሸንፈናል ብለው ነው የመጡት። ስለዚህ አንድ ደንብ አወጣን፤ ማንም ያሻውን ይናገር፣ ግን ምክንያት ወይም ቁጥር ያስከትል። «ያምራል» ምክንያት አይደለም። (ለድሮ መርሴዲስ ሲባል ብቻ ሰምቼ እንዳልሰማሁ አልፌያለሁ።)

ደንቡ በመጀመሪያ የጠቀመው የኤሌክትሪኩን ወገን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ በመሆኑ ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የቤንዚን ሞተር የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል፤ ከጉልበቱም አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ኤሌክትሪክ ሞተር ግን አየር አያስፈልገውም። የዲኤክስ ወገኖች ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ አንዱ፣ «ባትሪው ሲደክም የሰፈራችን መካኒክ ያድሰዋል?» ሲል ጠየቀ፤ ጭቅጭቁም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ካርቡራተሩን የፈታነው በዚሁ በከፍታ ጉዳይ ተነሥተን ነው። ቤንዚን የሚያልፍባት የናስ ቁራጭ አለች፤ ከሸሚዝ ቁልፍ ታንሳለች፤ መካከሏ ላይ መርፌ የምታክል ቀዳዳ አላት። አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ በብስክሌት መንፊያ ብትነፋባት አላልፍ አለ። ቤንዚን ውስጥ ዘፍዝፋ አሳደረቻትና በማግስቱ ወደ መስኮቱ አነሣቻት፤ ብርሃን አለፈ። ከፍ ባለ አገር ይህቺ ቀዳዳ በጠባብ ካልተለወጠች ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበትና መኪናው ጥቁር ጭስ ይተፋል። ይህን ካዩ ወዲህ ከፊታቸው ጭስ የሚተፋ መኪና ባዩ ቁጥር ምርመራ የሚጀምሩ አባላት አሉኝ፤ አሽከርካሪዎቹ ይቅር ይበሉን።

ስለ ፎርሙላ ዋን እሽቅድምድም ነጂዎቹ ስለ ሃሚልተንና ስለ ቨርስታፐን የተባለውን እዚህ አልጽፍም፤ ገጹ አይበቃም፣ ሰላምም አያመጣም። ከዚያ ሁሉ ወሬ ፍሬ ያፈራው «የፎርሙላ ዋን ውድድር ለምን ወደ አፍሪካ አይመጣም?» የሚለው ጥያቄ ነበር። በአህጉራችን ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው እ.ኤ.አ. በ1993 በደቡብ አፍሪካው ክያላሚ ነው። ከፍታው ያስቸግራል ያለም ነበር፤ ሜክሲኮ ሲቲ ግን 2,200 ሜትር ላይ ሆና ታስተናግዳለች። እንግዲህ በአገራችን የእሽቅድምድም ትራክ ቢሠራ ባለቤቱ ማን ይሁን? የሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ክርክራችን ይህ ሆነ።

ለመንግሥት የተከራከሩት የጀርመኑን ኑርቡርግሪንግ አነሡ። እ.ኤ.አ. ከ1925 እስከ 1927 ሲሠራ ለአካባቢው ሥራ አጦች እንጀራ ሆኗል። ተቃዋሚዎቹ ግን መጨረሻውን አነበቡ፤ የክልሉ መንግሥት በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዩሮ ለመዝናኛ ሕንጻዎች አፍስሶ እ.ኤ.አ. በ2012 የትራኩ ድርጅት ዕዳውን መክፈል አቃተው፤ በ2014 ለግል ኩባንያ በ77 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠ። የኩባንያ ደጋፊዎች ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1962 ለመኪና መፈተሻ በጃፓን ያሠራውን ሱዙካን፣ እንዲሁም በ2014 በ205 ሚሊዮን ራንድ በጨረታ የተሸጠውን ክያላሚን ጠቀሱ። ሦስተኛው ወገን የእንግሊዙን ሲልቨርስቶንን በምሳሌነት አመጣ፤ የጦርነት ጊዜ አውሮፕላን ማረፊያ የነበረው ይህ ትራክ ዛሬ የእሽቅድምድም ነጂዎች ክበብ ንብረት ነው።

በኑርቡርግሪንግ ማንም ሰው በየዙሩ ከፍሎ የገዛ መኪናውን 20.8 ኪሎ ሜትር መንዳት እንደሚችል ሲሰሙ ክፍሉ ተናወጠ። ሁሉም የአባቱን ዲኤክስ ይዞ ሊሄድ ተነሣ። ሰሌዳው ላይ ሒሳብ ሠራሁላቸው፤ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ከተያዘ በኋላ በደረቅ አስፋልት 20 ሜትር ገደማ ሄዶ ይቆማል፤ በ120 ግን 80 ሜትር ይፈልጋል። ከዚያ በኋላ የፍሬን ሸራ ዋጋ መጠየቅ ጀመሩ።

ድምፅ ሲሰጥ የነጂዎች ክበብ በጠባብ ልዩነት አሸነፈ። እኔን ያሳመነችኝ ግን የተሸነፈች የ11ኛ ክፍል ተማሪ ናት። «ባለቤቱ ማንም ይሁን፤ መግቢያው ውድ ከሆነ ሌሊት ቀለበት መንገድ ላይ የሚሽቀዳደሙት እዚያው ይቀራሉ» አለች። የሦስቱም ወገን ተከራካሪዎች ስለ ገዢው እንጂ ስለ መግቢያው ዋጋ አላሰቡም ነበር። አጨብጭበውላት ድምፃቸውን ለሌላ ሰጡ።

የዲኤክስና የኤሌክትሪክ መኪና ጉዳይ ሳይቋጭ ለመጪው ዓመት ተላልፏል። ካርቡራተሩ እንደ ተፈታ ነው፤ ስንፈታው ጓርኒሲዮኑ (በመጋጠሚያው መካከል የሚገባው ማሸጊያ) ስለ ተቀደደ ሌላ ካልተገኘ አይገጠምም። ቤቱ አሮጌ የቮልስዋገን ዕቃ ያለው ወላጅ በፊዚክስ ክፍል ቢያደርስልን እናመሰግናለን። አዲስ አባላት መስከረም ላይ ይመዘገባሉ፤ መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም።