ሌቫር በርተንን ኩንታ ኪንቴ ላይ አታቁሙት

ክቡር አዘጋጅ፣

በመዝናኛ ዓምዳችሁ ስለ «ሩትስ» ተከታታይ ድራማ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ከአፍሪካ ተይዞ በባርነት ወደ አሜሪካ የተወሰደውን ኩንታ ኪንቴን ለማያውቀው ትውልድ ማስተዋወቃችሁ ደግ ሥራ ነው። ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው። ወጣቱን ኩንታ ሆኖ የተጫወተውን ሌቫር በርተንን በዚያ ሚና የሚታወቅ ተዋናይ ነው ብላችሁ በአንድ ዐረፍተ ነገር አለፋችሁት። ሰውየው ከዚያ በኋላ የሠራው ከኩንታ ኪንቴ አያንስም፤ እኔ እንዲያውም ይበልጣል ባይ ነኝ። ምክንያቴን እንዳስረዳ ጥቂት ቦታ ስጡኝ። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

በርተን የተወለደው በ1957 ምዕራብ ጀርመን ውስጥ ነው፤ አባቱ እዚያ የአሜሪካ ጦር ባልደረባ ነበሩ። ያደገው ግን በካሊፎርኒያዋ ሳክራሜንቶ፣ በእናቱ እጅ ነው። እናቱ የእንግሊዝኛ መምህርት ስለነበሩ በእሳቸው ቤት ማንበብ ውዴታ ሳይሆን ግዴታ ነበር። በ13 ዓመቱ ካቶሊካዊ ካህን ለመሆን ዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ገባ፤ ኋላ ሐሳቡን ለውጦ በሳውዘርን ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቴአትር መማር ጀመረ። ኩንታ ኪንቴን ያገኘው ገና የዩኒቨርሲቲ ተማሪ እያለ፣ በ19 ዓመቱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሙያ ሥራ በተፈተነበት ዕለት ነው። ድራማው በጃንዋሪ 1977 በኤቢሲ ቴሌቪዥን ለስምንት ተከታታይ ምሽቶች ታየ፤ የመጨረሻውን ምሽት 100 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደተመለከተው ይነገራል።

ኩንታ ጌቶቹ ያወጡለትን ስም እንዲቀበል የሚገረፍበትን የጅራፉን ትዕይንት ጽሑፋችሁ በደንብ ስለገለጸው አልደግመውም። እኔ ላስታውስ የምፈልገው ብዙዎች የሚዘነጉትን ሌላ ክፍል ነው። የኩንታ ልጅ ኪዚ ከጌቶቿ ወገን ከሆነች ልጅ ጋር አብራ ስታድግ በድብቅ ማንበብና መጻፍ ትማራለች። የምትወደው ወጣት ለማምለጥ ሲነሣ የይለፍ ወረቀት ጽፋ ትሰጠዋለች። ወጣቱ ሲያዝ ወረቀቱ የማን ጽሕፈት እንደሆነ ይታወቅና ኪዚ ከእናት ከአባቷ ጉያ ተነጥቃ ትሸጣለች። በዚያ ክፍል ኩንታ የሚሆነው በርተን ሳይሆን በዕድሜ የገፋውን ኩንታ የተጫወተው ጆን ኤሞስ ነው። ድራማው የተሠራበትን መጽሐፍ የደረሰው አሌክስ ሄሊ ስለ ዘሩ የጻፈው ዝርዝር ምሁራንን ቢያከራክርም፣ በጥቁር ሰው እጅ የተገኘ ብዕር እንደ ወንጀል መቆጠሩ ግን ፈጠራ አይደለም። እኔ የምኖርባት ቨርጂኒያ በ1831 ባወጣችው ሕግ ጥቁሮችን ማንበብና መጻፍ ለማስተማር መሰብሰብን ከልክላለች። የኩንታ ታሪክ የሚፈጸምበት ስፖትሲልቬኒያ እኮ ብዙ ሐበሻ ከሚኖርባት ከአሌክሳንድሪያ በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ቢርቅ ነው።

ያ ወጣት ተዋናይ ከ«ሩትስ» ስድስት ዓመት በኋላ ምን ሥራ ያዘ? የልጆች የንባብ ፕሮግራም መምራት! «ሪዲንግ ሬይንቦው» በጁላይ 1983 ፒቢኤስ በሚባለው የሕዝብ ቴሌቪዥን ሲጀመር ዓላማው ልጆች ትምህርት ቤት በሚዘጋባቸው ወራት ከመጽሐፍ እንዳይርቁ ማድረግ ነበር። በየክፍሉ አንድ ሥዕላዊ መጽሐፍ ይነበባል፤ ቀጥሎ በርተን ከመጽሐፉ ጋር ወደሚዛመድ ቦታ ተመልካቹን ይዞ ይሄዳል፤ እሳተ ገሞራ ድረስ ሄዷል። መጨረሻ ላይ መድረኩ የልጆች ነው። መጽሐፉን ለምን እንደወደዱት ለእኩዮቻቸው የሚናገሩት ራሳቸው ናቸው፤ እሱ የእኔን ቃል ብቻ አትመኑ ብሎ ዘወር ይላል። አይጮህም፣ በልጅ አንደበት አይኮላተፍም፣ ከፍ ዝቅ አያደርጋቸውም። ልጅን እንዲህ አክብሮ የሚያናግር አቅራቢ እኔ ብዙ አላየሁም። የኪዚን አባት በወጣትነቱ ሆኖ የታየ ሰው ከሃያ ዓመት በላይ ልጆችን ወደ መጽሐፍ ጠራ፤ ጽሑፋችሁ ውስጥ ፈልጌ ያጣሁት ይህንን ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን ከ1987 እስከ 1994 በጠፈር ጉዞ ድራማው በ«ስታር ትሬክ፦ ዘ ኔክስት ጄነሬሽን» ጆርዲ ላ ፎርጅ የተባለውን ዓይነ ስውር መሐንዲስ ሆኖ ተጫወተ። ጆርዲ የሚያየው ፊቱ ላይ በሚያስረው መሣሪያ ነው። መሣሪያው ግን ለተዋናዩ ለራሱ ግርዶሽ ነበር፤ አብዛኛውን እይታውን ይከልለዋል፣ ራሱንም ያሳምመዋል። የተዋናይ ትልቁ ሀብቱ ዓይኑ ነው። በርተን ሰባት ዓመት ሙሉ ያንን ሀብት ተነፍጎ በድምፁና በአንገቱ እንቅስቃሴ ብቻ ተመልካች የሚወደው ሰው መፍጠሩን ሙያውን የሚያውቅ ሁሉ ያደንቅለታል። በ1988 ደግሞ ሁለቱን ሥራዎቹን አገናኛቸው፤ የንባቡን ፕሮግራም ካሜራ ወደ «ስታር ትሬክ» ስቱዲዮ አስገብቶ የቴሌቪዥን ድራማ እንዴት እንደሚሠራ፣ ፊት እንዴት እንደሚቀባና የጠፈር መርከቧ እንዴት የምትበር እንደምትመስል ለልጆች አሳየ።

ከካሜራው ኋላ የቆመው እዚያው ነው። የመጀመሪያ ሥራው በ1993 የታየው «ሴኮንድ ቻንስስ» የተሰኘው ክፍል ሲሆን፣ ለጀማሪ ዳይሬክተር የሚሰጥ ዓይነት አልነበረም። ጆናታን ፍሬክስ የሚጫወተው ራይከር ሁለት ሆኖ ከራሱ ጋር በአንድ ክፈፍ ውስጥ ቆሞ መነጋገር አለበት። አንዱ ተዋናይ አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ በኩል ሆኖ ይቀረጽና በኋላ ይጋጠማል ማለት ነው፤ አቋሙና የዓይኑ አቅጣጫ በጥቂቱ ቢዛነፍ ሁሉም ይበላሻል። በርተን ተወጣው። በዚሁ ክፍል ላይ በ1992 ወደ ጠፈር የተጓዘችው የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ዶክተር ሜይ ጄሚሰን በትንሽ ሚና ትታያለች። ጄሚሰን ከልጅነቷ ጀምሮ የ«ስታር ትሬክ» ወዳጅ መሆኗን ሰምቶ የጋበዛት እሱ ነው። በእውነት ጠፈር የወጣ ሰው በዚህ ድራማ ውስጥ ሲታይ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ከዚያ በኋላ በ«ስታር ትሬክ» ተከታታይ ድራማዎች ብቻ 30 የሚጠጉ ክፍሎችን ዳይሬክት አድርጓል። በ1998 ስለ ጎልፍ ተጫዋቹ ታይገር ውድስ የቴሌቪዥን ፊልም ሠራ፤ በ1999 ደግሞ ለዲዝኒ ቻናል «ስማርት ሃውስ»ን። በዘጠናዎቹ እዚህ ያደጉ የእኛ ልጆች ይህን ፊልም ያስታውሱታል፤ የሚያነጋግራቸው ቤት ቀስ በቀስ እንደ እናት ልቆጣጠራችሁ ሲላቸው የሚያሳይ ነው። ዛሬ ሁሉም ሰው ከቤቱ ዕቃ ጋር ሲነጋገር እያየሁ ይህ ፊልም ትዝ ይለኛል። በ2016 «ሩትስ» እንደ አዲስ ሲሠራም በርተን ከፕሮዲውሰሮቹ አንዱ ነበር።

የንባቡ ፕሮግራም አዲስ ክፍል መሥራት ያቆመው በ2006 ነው፤ ድጋሚውም በ2009 ከአየር ወረደ። በጊዜው ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ ያንገበግበኛል። የገንዘብ ድጋፉ ፊደል አቆራኝቶ ማንበብን ወደሚያስተምሩ ፕሮግራሞች አዘነበለ፤ ልጁ ማንበብን እንዲወድ የሚያደርገው ግን ደጋፊ አጣ። በርተን አልተቀመጠም። በ2014 ፕሮግራሙን በኢንተርኔት ለልጆችና አቅም ለሌላቸው ትምህርት ቤቶች ለማድረስ ከሕዝብ መዋጮ ጠየቀ። የመጀመሪያውን አንድ ሚሊዮን ዶላር ለመሰብሰብ አንድ ቀን እንኳ አልፈጀበትም፤ በመጨረሻም ከ100 ሺህ በላይ ሰዎች ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጡ። ብዙዎቹ በልጅነታቸው ያዩት የነበሩ ሰዎች ናቸው።

እኔ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለልጆቻችን አማርኛ አስተምራለሁ። ከሀ እስከ ፐ የቆጠረ ልጅ ሞልቶናል፤ በገዛ ፈቃዱ የአማርኛ መጽሐፍ አንሥቶ ጥግ ይዞ የሚቀመጥ ግን እምብዛም የለም። ፊደሉን እናስቆጥራለን፣ ፍቅሩ ላይ ግን አልሠራንበትም። ስለዚህ ሁለት ልመና አለኝ። አንደኛ፣ ስለ በርተን የዳይሬክተርነትና የንባብ ሥራ ራሱን የቻለ ጽሑፍ አውጡልን። ሜሪላንድ ውስጥ አናፖሊስ ወደብ ላይ ያለው የኩንታ ኪንቴና የአሌክስ ሄሊ መታሰቢያ ከእናንተው ከሲልቨር ስፕሪንግ ቅርብ ነውና ፎቶግራፍ አንሺያችሁን እዚያ ላኩት፤ ሄሊ መጽሐፍ ይዞ ለልጆች ሲያነብ የሚያሳይ ሐውልት አለ። ሁለተኛ፣ ጋዜጣችሁ ላይ ልጆች ያነበቡትን የአማርኛ መጽሐፍ ለእኩዮቻቸው የሚያስተዋውቁበት ትንሽ ዓምድ ክፈቱ። አዋቂ አይጻፍላቸው፣ አዋቂም አያርምባቸው፤ ፊደል ቢስቱም ይውጣ። ከተስማማችሁ ከክፍሌ ተማሪዎች ጽሑፍ ሰብስቤ ለመላክ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ