የበረንዳው ጥድ እስከ ደረቅ እንጨቱ አይከርከም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ደሴ ውስጥ ከሆጤ እስከ ፒያሳ ሳዘግም ቀና ብዬ በረንዳዎቹን አያለሁ። ጥድ በዝቷል፤ ገሚሱ በሸክላ፣ ገሚሱ በቀለም ባልዲ ተተክሏል። ደስ ይለኛል። ዕድሜዬን በችግኝ ጣቢያ የጨረስኩ ሰው ነኝና አከረካከሙ ግን ያንገበግበኛል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በአረንጓዴ አሻራ ስለ ተከላ ብዙ ተብሏል፤ ስለ መቀስ አያያዝ ሲነገር ብዙም አልሰማሁ።

በቅርቡ አንዲት ጎረቤቴ «ጋሼ፣ እስኪ ይዩልኝ፣ ጥዴ በአንድ ጎኑ ባዶ ሆነብኝ» አለችኝ። ሄጄ አየሁት፤ እስከ ቡናማው እንጨት ድረስ ተቆርጧል። ጥድ ደግሞ እንደ ባሕር ዛፍ ከጉቶው አያቆጠቁጥም። የሐበሻውም ይሁን የፈረንጁ፣ ቅጠል የሌለው አሮጌ እንጨቱ ላይ ከተቆረጠ እዚያ ቦታ መልሶ አይለመልምም። (ዝግባ በዚህ ይሻላል፤ ከአሮጌ እንጨቱም ቀንበጥ ሊያወጣ ይችላል።) «አብሽሪ» አልኳትና የጎኑን ቅርንጫፍ በሲባጎ ስበን ወደ ባዶው በኩል አሰርነው። ቀስ እያለ ይሸፍነዋል።

ከመቁረጥ በፊት ቅርንጫፉን በጣት ገለጥ አድርጎ ማየት ነው። ከጫፍ ወደ ግንዱ ሲሄዱ አረንጓዴው የሚያልቅበት፣ ደረቁ ቅጠል የሚጀምርበት ቦታ አለ፤ መቀሱ ከዚያ አይለፍ። ውስጡ ብርሃን ስለማያገኝ መድረቁ ያለ ነገር ነው፣ ሁልጊዜ በሽታ አይደለም። ደረቁን በእጅ አራግፎ ማውጣት ይበቃል። ብዙ ማሳጠር ከተፈለገም በአንድ ጊዜ ሳይሆን በየዓመቱ ለጋ ለጋውን ጥቂት ጥቂት መቀነስ ይሻላል።

ቅርጹ እንደ ጎጆ ክዳን ከላይ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ ይበል። አናቱ ከሰፋ የታችኛው ቅርንጫፍ ጥላ ይውጠውና ይራቆታል። በረንዳ ላይ ብርሃን ከአንድ ወገን ስለሚመጣ መትከያውንም አልፎ አልፎ ማዞር ያስፈልጋል።

ወቅቱን ከፈረንጅ መጽሐፍ አንቅዳ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ አለው። በዚያ ሰሞን ተከርክሞ ያቆጠቆጠ ለጋ ቀንበጥ ይቃጠላል። እኔ የምመርጠው በልጉ አፈሩን ካራሰው በኋላ፣ ሚያዝያና ግንቦት ላይ፣ ዝናብ በሌለበት ቀን ነው። ኮምቦልቻ ሞቅ ስለሚል የውርጩ ነገር ይቀላል፤ የእነሱ ጭንቀት ውኃ ነው። የመትከያ አፈር ቶሎ ይደርቃልና በበጋ ጣት አስገብቶ መፈተሽ፣ ታቹም ቀዳዳ እንዳለው ማረጋገጥ ነው።

ከሁሉ የሚከፋው የገና ሰሞን ነው። ለበዓሉ ዛፍ እየተባለ የጥዱ አናት ይቀነጠሳል። መሪው ጫፍ ሲሄድ ቀጥ ብሎ ማደጉ ይቀርና ጎኖቹ ሽቅብ ይሻማሉ፤ ውበቱም ይበላሻል። ጥዱን ከነመትከያው ወደ ሳሎን አስገብቶ ማስጌጥ፣ ከጥቂት ቀን በኋላም ወደ በረንዳው መመለስ እየተቻለ ስለምን ይቆረጣል? ስለዚህ እባካችሁ፣ ይህን ደብዳቤ ታኅሣሥ 29 ከመድረሱ በፊት አውጡልን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
ጡረተኛ የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ፣ ከደሴ