ቀጋውን ለልጁ ከመስጠትሽ በፊት

የኔ ልጅ፣ እንደምን ከርመሻል? ልጆቹስ? እኛ ደህና ነን። ደብረ ብርሃን ውርጩ ጀምሯል፤ ጠዋት ጠዋት የቧንቧው ውኃ ጣት ይቆርጣል። አንቺ ያለሽበት መሐል ሜዳ ከዚህም እንደሚብስ ስለማውቅ ባናውን ልኬልሻለሁ። ለእንግዳ ብለሽ ሳጥን ውስጥ እንዳታስቀምጪው፤ ልጆቹን አልብሺበት።

ትናንት ማታ እህትሽ ነገረችኝ። ከትምህርት ቤት ስትመለሺ ከየአጥሩ ቀጋ፣ ያን ቀይ የዱር ጽጌረዳ ፍሬ፣ እየለቀምሽ ለትልቁ ልጅ በእጁ ትሰጪዋለሽ አሉ። ሌሊቱን ሙሉ ሲስል አድሯል። እሷ «ብርድ ነው» ብላ አለፈችው። እኔ ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ብርድ ሊሆን ይችላል። ቀጋ ከነጸጉሩ የበላ ልጅም እንዲሁ ያስለዋል።

ቀጋ አትብሉ አልልም። ውስጡን ሳታጸጂ ለልጅ አትስጪ ነው የምልሽ። ፍሬውን ለሁለት ክፈቺና እዪው፤ ዘሮቹን ከቦ የተኛ ደቃቅ ጸጉር አለ። ጉሮሮ ላይ ከተለጠፈ ያሳክካል፣ ያስላል። ተውጦ ሆድ ከገባም ሲወጣ ያሳክካል። ጤና ጣቢያ ስሠራ እናቶች «ትል ይዞት ነው» ብለው ያመጧቸው ልጆች ነበሩ፤ ስንጠይቅ ቀጋ ሲበሉ የዋሉ ናቸው።

ፍሬው ራሱ ጥሩ ነው። የዱር ጽጌረዳ ፍሬ በቫይታሚን ሲ ከብርቱካን የሚልቅ ነው፤ አንቺ አገር ደግሞ ብርቱካን እንደ ልብ አይገኝም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት እንግሊዞች ብርቱካን በመርከብ መግባቱ ሲቋረጥባቸው፣ ከ1941 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሴቱም ልጁም ይህንኑ ፍሬ ከየአጥሩ እየለቀመ ለሕፃናት ሽሮፕ ይሠራበት ነበር። እነሱም ቢሆኑ ጸጉሩ እንዳያልፍ ሁለት ጊዜ በጨርቅ ያጠልሉት ነበር። ሁለት ጊዜ!

አጎትሽም እንደዚያው ነበር። ጣርማበር ላይ በግ ስንጠብቅ እሾኩ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው፤ እኔን አያስጠጋኝም። እጁ ተቧጥሮ ይወጣና ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። አንዷን ፍሬ ያነሳል። በአውራ ጣቱ ጥፍር ይሰነጥቃታል፣ ዘሩን ጠርጎ ያወጣል፣ ውስጧን በጋቢው ጫፍ ይወለውላል። ከዚያ ወደ ፀሐይ አንስቶ ያያታል፤ እፍ ይላታል። እጄን ስዘረጋ «ቆይ፣ ጸጉር አለባት» ይለኛል። እንደገና ይወለውላል። ያን ሁሉ ሠርቶ ለኔ ይሰጠኛል፤ ለራሱ ከነምኑም ይበላት ነበር። ጥፍሩ ሥር ቀዩ ቀለም ሳይለቅ ይሰነብታል።

ወታደር ሆኖ ወደ ሰሜን እንደሄደ ታውቂያለሽ። መጣ ሲሉን ወጥተን ጠብቀናል፤ ሞተ ሲሉን ደግሞ እናቴ አላምንም ብላ ተዝካሩን ሳታወጣ ኖረች። አንድ ጉርድ ፎቶ ነበረው። እሷ ስታርፍ ከልብሷ ጋር አብሮ ሄደ መሰለኝ፣ ፈልጌ አጣሁት። የሚቆጨኝ እሱ ነው። ልጅሽ ግንባሩ አጎትሽን ነው፤ ይህን ነግሬሽ አላውቅም። ሲስል አደረ ስባል የደነገጥኩት ለዚህም ነው።

አሁን ስሚኝ። የምትለቅሚው በደንብ የቀላውን፣ ስትጫኚው ለስለስ የሚለውን ብቻ ነው። አረንጓዴውን ለወፍ ተይው። ቱፎርዲ፣ የአረም መድኃኒቱ፣ ከተረጨ የገብስ ማሳ አጥር አትልቀሚ፤ ከመኪና መንገድ ዳርም አትልቀሚ። የጓሳ ሣር ሜዳ ደግሞ በሕዝቡ ሕግ የተጠበቀ ነው፤ አስተማሪ ነኝ ብለሽ ቅርጫት ይዘሽ እንዳትገቢ።

ቤት ስትገቢ እጅሽ ላይ ላስቲክ አጥልቂ። ለሁለት ቁረጪው፣ በሻይ ማንኪያ ዘሩንም ጸጉሩንም ፋቂና በብዙ ውኃ እጠቢው። በዚያ እጅ ዓይንሽን እንዳትነኪ። ከዚያ ሰፌድ ላይ ጥላ ውስጥ አስጪው፤ ፀሐይ ቫይታሚኑን ይጎዳዋል። ሻይ ስታደርጊው አታንተክትኪው፤ የፈላ ውኃ ጨምሪበትና ከድነሽ ተይው። ስታጠልዪ የሻይ ማጥለያውን አትመኚ፣ ቀዳዳው ሰፊ ነው፤ ጸጉሩ ያልፋል። ያረጀ ነጠላ ቅደጂና ሁለት እጥፍ አድርጊው።

ማርማላታ እሠራለሁ ብለሽ ለእህትሽ ነግረሻታል። ጥሩ ነው፣ ሥሪ። የመዳብ ወይም ተራ የብረት ድስት አትጠቀሚ፤ ቫይታሚኑን ይጨርሰዋል። የማይዝገው ድስት ይሻላል። ቀቅለሽ ጨፍልቂው፣ በጨርቁ አጥልዪው፣ ጨርቁን አጥበሽ እንደገና አጥልዪው። ስኳሩን የምትጨምሪው ከዚያ በኋላ ነው። ቸኩለሽ አንዱን ጊዜ እንዳትዘዪ፤ ችኩል መሆንሽን አውቃለሁ። በማር ካጣፈጥሽው ደግሞ ለትንሿ እንዳታቀምሻት። ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም፤ ጎረቤት ያለውን ይበል።

ብቻሽን ሁለት ልጅ ይዘሽ፣ እያስተማርሽ፣ ደግሞ ለልጆችሽ ከእሾክ ውስጥ ፍሬ ስትለቅሚ ሳስብ አንጀቴ ይላወሳል። ጎበዝ ነሽ። ግን ጸጉሩን አውጪ።

ለሳሉ አሁን ሞቅ ያለ ውኃ ቶሎ ቶሎ አጠጪው፤ ቀጋውን ለጊዜው አቁሚለት። ትንፋሽ ካጠረው ወይም መዋጥ ካቃተው ነገ አትበዪ፤ በሌሊትም ቢሆን ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ይህ ሲደርስሽ ደውዪልኝ፤ ኔትወርክ እንቢ ካለሽ ጠዋት ሞክሪ። ባናውን ያመጣልሽ ሹፌር ዓርብ ይመለሳል። ያለፈውን የቅቤ ዕቃ አጥበሽ በእሱ ላኪልኝ፤ ሞልቼ እልክልሻለሁ።

እናትሽ